ሃኪንግ መማር ፈልጋችሁ በየት እንደምትገቡ ለጠፋባችሁ

ቴሌግራም ላይ «ሃኪንግ» ብላችሁ ፈልጉ። መዓት ግሩፕ ይመጣል። አርማው ኮፍያ የደፋ ሰው ነው። ስሙ ላይ «ፕሮ» ወይ «አኖኒመስ» የሚል አይጠፋም። ገብታችሁ ትንሽ ብትቀመጡ የምታነቡት ግን ይሄ ነው፦ «የፌስቡክ አካውንት እከፍታለሁ»፣ «የጠፋ ቴሌግራም አስመልሳለሁ»፣ «ፍቅረኛህ ከማን ጋር እንደምታወራ ላሳይህ፣ ቀብድ 500 ብር»። ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ደላላ ብቻ ነው።

እውነተኛው ትምህርት ግን ሞልቷል፤ አብዛኛውም በነጻ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ከተሳሳተው ጫፍ መጀመሩ ነው። መጀመሪያ ግሩፕ ይፈልጋል፣ ከዚያ ግሩፑ እስኪያስተምረው ይጠብቃል። ቁም ነገረኞቹ ቡድኖች የተሰበሰቡት በልምምድ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። ጥያቄው ያለበት ቦታ ሰዎቹም አሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፤ መጀመሪያ የሚሠራ ነገር እንያዝ፣ ሰው ከዚያ ይመጣል።

1. አሁን ካላችሁበት ውጡ

ያላችሁበት ግሩፕ ውስጥ የሌላ ሰው አካውንት እንከፍታለን የሚል ካለ ውጡ። ጥያቄ የጠየቀን ሁሉ «ኢንቦክስ ና» የሚሉ ከሆነም ውጡ። ከምንም በፊት ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ፣ ደንብ የሚባል ነገር ጭራሽ ካልተጻፈ፣ እንደዚሁ። በተለይ ደግሞ «ይህን ቱል አውርዱ፣ አንቲቫይረስ ይጮሃልና መጀመሪያ አጥፉት» የሚል ፋይል ከለጠፉ፣ ደህና ሁኑ ማለትም አያስፈልግም።

ይቺ የመጨረሻዋ ቀልድ አይደለችም። ኤክስዎርም የሚባል፣ የሰው ኮምፒውተር ከሩቅ የሚቆጣጠር ቫይረስ አለ። አንድ ሰው የዚህን ቫይረስ መሥሪያ «በነጻ» እያለ በጊትሀብ (የፕሮግራም ኮድ ማጋሪያ ገጽ ነው)፣ በቴሌግራምና በፋይል ማጋሪያ ገጾች አሰራጨው። ያወረዱት በአብዛኛው ጀማሪ ሃከሮች ናቸው። ውስጡ ግን ቫይረስ ነበረበት፤ ሰው ሊያጠቁ ያወረዱት ራሳቸው ተጠቁ። ክላውድሴክ የተባለ የደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ከ18 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች በዚህ መንገድ ተይዘዋል። ብራውዘራቸው ላይ ያስቀመጡት የይለፍ ቃል እየተለቀመ ይወጣ ነበር። መቆጣጠሪያው ደግሞ የቴሌግራም ቦት ነው።

ሌላው አደጋ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ማርከስ ሃቺንስ የሚባለውን እንግሊዛዊ ወጣት ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ሥራ ሲያስፈታ፣ ኮዱ ውስጥ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ ስም አየ። ስሙን በ11 ዶላር ገደማ አስመዘገበው። የቫይረሱ ስርጭት በዚያው ቀጥ አለ። ዕድሜው 22 ነበር። ዓለም ጀግና አለው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ላስ ቬጋስ ውስጥ ኤፍቢአይ ያዘው። ለካ ከዓመታት በፊት ክሮኖስ የተባለ የባንክ መረጃ መስረቂያ ቫይረስ ጽፎ ኖሯል። በ2019 ጥፋቱን አመነ፤ ፍርድ ቤቱም የታሰረው ይበቃዋል ብሎ በአንድ ዓመት ክትትል ለቀቀው። ሃቺንስ ራሱ በአደባባይ እንደተናገረው መንገዱ የጀመረው ገና በልጅነቱ፣ ቫይረስ መጻፍ እንደ ጉብዝና ከሚታይባቸው ፎረሞች ነው። ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት፤ ውሎው ነው መንገዱን የወሰነው።

2. አንድ ጥያቄ ያዙ

ኦቨር ዘ ዋየር የሚባል ድረ ገጽ አለ። እዚያ ውስጥ «ባንዲት» የተባለ ጨዋታ ታገኛላችሁ። ምንም ለማያውቅ ሰው የተሠራ ነው። ክፍያ የለውም፣ መመዝገብም አያስፈልግም። ከአንድ ሰርቨር ጋር በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በጽሑፍ ትእዛዝ መጠቀሚያ መንገድ ነው) ትገናኛላችሁ፤ ፖርቱ፣ ማለትም የመግቢያ በሩ ቁጥር፣ 2220 ነው። የመጀመሪያው የተጠቃሚ ስምም የይለፍ ቃልም አንድ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ ተጽፎላችኋል። እያንዳንዱ ሌቭል ውስጥ የቀጣዩ ሌቭል የይለፍ ቃል ተደብቋል። አግኝታችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

ለእኛ ሀገር ሰው ይህን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። የሚላከውና የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ላፕቶፕ የሌለውም አንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ አፕ ጭኖ መጫወት ይችላል። ተርመክስን ከኤፍድሮይድ (የነጻ አፖች መደብር ነው) ወይም ከራሱ የጊትሀብ ገጽ አውርዱት። ከዚያ ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለውን የኤስኤስኤች ፕሮግራም ጫኑበት፤ በቃ ገባችሁ።

ሌቭል አንድ ላይ የሚያጋጥማችሁን ላሳያችሁ። ስሙ አንዲት ሰረዝ ብቻ የሆነ ፋይል አለ። ክፈቱት ይላል። ፋይል ማንበቢያው ኮማንድ ካት ነው፣ ሌቭል ዜሮ ላይ ተጠቅማችሁበታል። ካት ብላችሁ፣ ሰረዟን አስከትላችሁ፣ ኢንተር ትላላችሁ። ዝም። ስህተት ነው አይል፣ መልስ አይሰጥ፣ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ብዙ ሰው ኔትወርክ የሄደ መስሎት ዘግቶ ይወጣል።

ኔትወርክ አልሄደም። ካት ሰረዟን የፋይል ስም አድርጎ አላያትም። ለእሱ ሰረዝ ማለት «ከኪቦርድ የሚጻፍልህን ተቀበል» ማለት ነው። ስለዚህ እናንተን እየጠበቀ ነው። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ብትሉ «ሰላም» ብሎ መልሶ ያሳያችኋል። ይህን ያየ ሰው ኮምፒውተር የተባለውን እንጂ የታሰበውን እንደማይሠራ በደንብ ይገባዋል። የደህንነት ክፍተት የሚባለው ነገር ግማሹ ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ጸሐፊው አንድ ነገር አስቦ ማሽኑ ሌላ ሲረዳ።

መልሱን አልነግራችሁም። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ ፋይሉ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንዳለም ለካት ንገሩት።

እዚህ ላይ ተጣብቃችሁ ስታበቁ እጃችሁ ላይ ጥያቄ አለ። አሁን ሰው ለመፈለግ ደርሳችኋል።

3. ወደ የትኛው ቤት ልግባ?

«ሃኪንግ» ሰፊ ነው። የድረ ገጽ ደህንነት፣ ኔትወርክ፣ የፕሮግራም ፋይል ፈታትቶ ማንበብ፣ ከጥቃት በኋላ የሚደረግ ምርመራ፣ ሁሉም የየራሱ ሰው አለው። ሁሉንም ልያዝ ያለ አንዱንም አይዝም።

ተማሪ ከሆናችሁ ፒኮ ሲቲኤፍ ጥሩ መግቢያ ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። የድሮ ጥያቄዎቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ተርሚናሉም (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በብራውዘር ይሠራል። ሲቲኤፍ ማለት እንግዲህ የተደበቀች «ባንዲራ»፣ ማለትም አንዲት መስመር ጽሑፍ፣ አግኝቶ ነጥብ የሚቆጠርበት ውድድር ነው።

ድረ ገጽ ላይ ማተኮር ለፈለገ የፖርትስዊገር ዌብ ሴኩሪቲ አካዳሚን የሚስተካከል አላውቅም። በርፕ ስዊት የተባለውን የድረ ገጽ ደህንነት መፈተሻ መሣሪያ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው የከፈቱት። ንባቡም ልምምዱም ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽንን (በድረ ገጹ ቅጽ በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ አስርጎ የማስገባት ጥቃት ነው) አንብባችሁ ስትጨርሱ እዚያው ገጽ ላይ የሚጠቃ የውሸት ሱቅ ይከፈትላችኋል። ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁ የለም። ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ፈተና ለሆነበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ፒውን ኮሌጅ አለ፤ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለራሳቸው ተማሪዎች ያዘጋጁትን ለዓለም ክፍት አድርገውታል። ከባድ ነው። ግን ዲስኮርድ በተባለው የቡድን መወያያ አፕ ላይ የሚመልሱላችሁ ሰዎች ነገሩን የሚያስተምሩና የሚማሩ ናቸው።

ትራይ ሃክ ሚ እና ሃክ ዘ ቦክስ በስም የታወቁት የልምምድ ድረ ገጾች ናቸው። የመጀመሪያው እጃችሁን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሁለተኛው ገደል አፋፍ አድርሷችሁ ይመለሳል። ሃክ ዘ ቦክስ ሲጀምር ለመመዝገብ እንኳ የመግቢያ ኮዱን ራስህ ሰብረህ አግኝ ይል ነበር። ሁለቱም ነጻ ክፍል አላቸው፤ ሁለቱም በቆይታ ክፈሉ ይላሉ። ነጻው ክፍል ሳያልቅ መክፈል አያስፈልግም፣ ቶሎ ደግሞ አያልቅም።

ሶፍትዌር የምትጽፉ ከሆናችሁ ኦዋስፕን እዩት። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሶፍትዌር ደህንነት ላይ የሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ጁስ ሾፕ የተባለ፣ ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ የጭማቂ መሸጫ ድረ ገጽ አላቸው፤ አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ታስነሱትና ታጠቁታላችሁ።

እነዚህ አብዛኞቹ ዲስኮርድ ወይም ስላክ ላይ መሰብሰቢያ አላቸው። የመግቢያ ሊንኩን ከራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ውሰዱ። ቴሌግራም ላይ «የሃክ ዘ ቦክስ ኢትዮጵያ ይፋዊ» ተብሎ የተለጠፈ ሊንክ ከሌላ ቦታ ካልተረጋገጠ እንደሌለ ቁጠሩት። ጉግል ላይ ስትፈልጉም «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለበትን ውጤት ዝለሉት።

4. ገብታችሁ ዝም በሉ

አዲስ ቤት እንደገባ እንግዳ መጀመሪያ አረፍ ብሎ ማየት ነው። ደንቡን እስከ መጨረሻው አንብቡ። አብዛኛው ሰው «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል፤ በኋላ ሲባረር ይገርመዋል። ከዚያ የመፈለጊያ ሳጥኑ ላይ ያላችሁበትን ጥያቄ ስም ጻፉ። ከእናንተ በፊት ስንቱ ሰው እዚያው ጋ እንደተጣበቀ ታያላችሁ። ያጽናናል።

ቤቱን የምትመዝኑት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጀማሪ ሲጠይቅ እንዴት ይመልሱለታል? ጥሩ ቦታ ላይ ሙሉ መልስ አይሰጡም። «ምን ሞከርክ?» ይላሉ። «የካትን ማኑዋል ሁለተኛ አንቀጽ አንብብ» ይላሉ። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ንቀት ይመስለዋል። እኔ ግን የምተማመነው በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ መልሱን አፍ ላይ የሚያጎርስ ቦታ የሚያወጣው ለማኝ ነው። በሌላ በኩል ጀማሪን «ጉግል አታውቅም?» እያሉ የሚሳለቁበት ቦታም ጊዜ አይገባውም። ዕውቀት ያለው ሰው መሳደብ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መመዘኛ፣ እምቢ የሚሉት ነገር አለ ወይ? በየሳምንቱ አንድ ሰው ገብቶ «የእጮኛዬን ኢንስታግራም ክፈቱልኝ» ማለቱ አይቀርም። ጠብቁና እዩ። ጥሩ ቦታ ላይ ተቆጣጣሪው በደቂቃ ውስጥ «ይህ እዚህ አይደረግም» ብሎ ይዘጋዋል። ማንም ካልተናገረ፣ ይባስ ብሎ «ስንት ትከፍላለህ?» የሚል ከመጣ፣ የት እንደገባችሁ አውቃችኋል።

ተጨማሪ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች እርስ በርስ ይተራረማሉ ወይ? አንዱ የተሳሳተ ነገር ሲናገር ሌላው በማስረጃ ሲያርመውና የመጀመሪያው «ልክ ነህ» ሲል ካያችሁ፣ ያንን ቦታ አትልቀቁት። አንድ «አለቃ» ብቻ የሚናገርበትና ሌላው የሚያጨበጭብበት ቦታ ብዙ ነው፣ አማርኛ ተናጋሪዎች የከፈቷቸውም ጭምር።

5. ጥያቄውን ጻፉ

አሁን የባንዲቷን ሰረዝ እናምጣ። ይህ መጥፎ ጥያቄ ነው፦

«ሰላም፣ ባንዲት አልሠራልኝም፣ እባካችሁ እርዱኝ።»

ማንም አይመልስም። ክፋት አይደለም፤ ምን እንደሚመልሱ ስለማያውቁ ነው። ይህ ደግሞ ጥሩው ነው፦

«ባንዲት ሌቭል 1 ላይ ነኝ። ካት ከዚያ ሰረዝ ስጽፍ ስህተት አይልም፣ ግን ምንም አያሳይም። የጻፍኩትን መልሶ ይጽፋል። ማኑዋሉ ላይ ሰረዝ ማለት ስታንዳርድ ኢንፑት ነው የሚል አየሁ። ፋይል መሆኑን እንዴት ላስረዳው? መልሱን አትንገሩኝ፣ ፍንጭ ይበቃኛል።»

የት እንዳላችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደመጣ፣ ምን እንዳነበባችሁ። ይህን ስትጽፉ ግማሹን ጊዜ መልሱ ሳትልኩት ይመጣላችኋል። የተርሚናሉን ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ያገኛችሁትን የይለፍ ቃል ወይም ባንዲራ ግን አትለጥፉ፤ የሌላውን ሰው ጨዋታ ታበላሹበታላችሁ፣ ያስባርራልም።

እንግሊዝኛው የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አትፍሩ። እዚያ ያለው ሰው ከየሀገሩ የመጣ ነው፤ የብዙዎቹም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። አጭር አረፍተ ነገር ጻፉ። «ሰር» እያላችሁ አትለምኑ፣ የማታውቁትን ሰውም በግል አትጻፉለት፤ አብዛኛው ቦታ ክልክል ነው። መልስ ሳታገኙ አንድ ቀን ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። መፍትሔው ሲገኝ ደግሞ ተመልሳችሁ «እንዲህ ሆኖ ነው የተፈታው» በሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ስማችሁ ቶሎ ይታወሳል።

6. በሩን ዝጉ

የሃከር ቡድን ውስጥ ሃከር አለ። ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይልና የብዕር ስም አውጡ። የመታወቂያችሁን ፎቶ፣ የስልክ ቁጥራችሁን፣ የሥራ ቦታችሁን አትስጡ። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በማረጋገጫ አፕ ይሁን።

ዲስኮርድ ላይ የተለመደ ማጥመጃ አለ። አዲስ ሰርቨር ስትገቡ አንድ ቦት «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ብሎ ኪውአር ኮድ ይልክላችኋል። በስልካችሁ የዲስኮርድ አፕ ስካን ስታደርጉት ማረጋገጫ አይደለም፤ የዲስኮርድ መግቢያ ኮድ ነው። አካውንታችሁን ለላኪው አስረከባችሁ ማለት ነው። የይለፍ ቃልም አይጠየቅም። እውነተኛ የሰርቨር መግቢያ ማረጋገጫ በኪውአር አይመጣም።

ያወረዳችሁትን ቱል ባንክ አፕ በምትከፍቱበት ማሽን ላይ አታስነሱ። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ነጻ ነው፤ እሱ ውስጥ ካሊ ሊኑክስን (ለደህንነት ፍተሻ የተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከራሱ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ፋይሉ ጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ያለ ወዳጅ ካላችሁ ፍላሽ ላይ አስጭኑ፤ ግን ገጹ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር (ቼክሰም) ከፋይሉ ጋር ሳታስተያዩ አታስነሱት። ፍላሽ በስንት እጅ ያለፈ እንደሆነ ማን ያውቃል።

7. የራሳችሁን ትንሽ ቡድን አውጡ

ትልቁ ዲስኮርድ ለጥያቄ ጥሩ ነው፤ የሚያበረታ ግን ትንሽ ቡድን ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ቴሌግራም እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ የታወቁ ሰዎች፣ የተዘጋ ግሩፕ፣ በአማርኛ። አንዱ ድረ ገጽ ይያዝ፣ አንዱ ክሪፕቶግራፊ (የምስጢር ጽሑፍ ጥበብ)፣ አንዱ የፋይል ምርመራ። ሲቲኤፍ ታይም የተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚመጡት ውድድሮች ቀን ተለጥፏል፤ አብዛኞቹ ኦንላይን ናቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውላሉ፣ ለጀማሪ የሚሆኑም አሉ። የመጀመሪያው ላይ ሁለት ጥያቄ ብትፈቱ ጥሩ ነው።

ቁም ነገሩ ከውድድሩ በኋላ ነው። ያልፈታችሁትን ሌሎች እንዴት እንደፈቱት የጻፉት ራይትአፕ እዚያው ሲቲኤፍ ታይም ላይ ይወጣል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ሳታዩ ድገሙት። እናንተም ጻፉ። በአማርኛ ብትጽፉ ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያመሰግናችኋል፣ ምክንያቱም በአማርኛ የተጻፈ ጥቂት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት የቤቱን ደንብ እዩ፤ ለምሳሌ ሃክ ዘ ቦክስ ላይ ገና ክፍት የሆነ ማሽን (ለመስበር የተዘጋጀ የልምምድ ኮምፒውተር) መፍትሔ ማውጣት ክልክል ነው፣ ጡረታ የወጣውን፣ ማለትም ከውድድር የወጣውን፣ ግን ይቻላል። ኢፕሴክ የሚባለው ሰው ዩቲዩብ ላይ ጡረታ የወጡትን ማሽኖች አንድ በአንድ ሲፈታ ታገኙታላችሁ። ሲሳሳት አይቆርጠውም፣ ለዚህ ነው የምወደው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ክረምት ላይ ለወጣቶች የሳይበር ታለንት ሥልጠና ሲያካሂድ ቆይቷል። ምዝገባውን ከራሱ ገጽ ተከታተሉ፤ «አስገባሃለሁ» የሚል አማላጅ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የኮምፒውተር ክበቡን ጠይቁ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ በአካል መገናኘት ትችላላችሁ። ቢሳይድስ የሚባሉት ትናንሽ የደህንነት ጉባኤዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ላስ ቬጋስ ጀምረው ብዙ ከተማ ደርሰዋል፤ መግቢያቸው ርካሽ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያም ቴል አቪቭም አለ። የዴፍኮን፣ የታዋቂው የሃከሮች ጉባኤ፣ የየከተማው ቡድኖች ደግሞ ስማቸውን የሚያወጡት ከስልክ ኮድ ነው፤ የቴል አቪቩ ዲሲ 9723 ይባላል፣ 972 የእስራኤል፣ 3 የከተማዋ።

8. ወደ እውነተኛው ሲስተም ከመሄዳችሁ በፊት

እስካሁን የነካችሁት ሁሉ «አጥቁኝ» ብሎ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በኋላ እጅ ያሳክካል። የቀበሌው ድረ ገጽ፣ የትምህርት ቤቱ ፖርታል፣ የሆነ የክፍያ አፕ። አትንኩ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው አልፎ ሆን ብሎ ሲስተም ውስጥ መግባትን ብቻውን ወንጀል አድርጎታል። ምንም ባትሰርቁ፣ ምንም ባታበላሹ። መነሻው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። የድርጅት ሲስተም ወይም ቁልፍ መሠረተ ልማት ሲሆን ወደ ጽኑ እስራት ይሄዳል። «ክፍት ነበር እኮ» መልስ አይሆንም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጣ ያደረውን አስታውሱ። ኤቲኤሙ እሺ ብሎ ሰጠ፤ ባንኩ ግን የወሰዱትን ሰዎች ስም ሳይቀር አውጥቶ አብዛኛውን አስመለሰ።

ፈቃድ ያለበት መንገድ አለ። ሃከርዋን እና በግክራውድ ላይ ድርጅቶች «እነዚህን ሲስተሞቻችንን ፈትሹ፣ ላገኛችሁት እንከፍላለን» ብለው ይለጥፋሉ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ «ስኮፕ» የሚል ክፍል አለ፤ የቱ ይነካል፣ የቱ አይነካም። እዚያ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው ብላችሁ ያዙ። ክፍተት ስታገኙ ማስረጃ የሚሆን ያህል ብቻ አሳዩ። የአንድ ሰው መረጃ እንደሚታይ ለማረጋገጥ ራሳችሁ የከፈታችሁትን ሁለተኛ አካውንት ተጠቀሙ፣ የሌላ ሰው አትክፈቱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሃከርዋን ላይ ሃክቲቪቲ የሚባለውን ገጽ ክፈቱ። ድርጅቶቹ ከጠገኑ በኋላ ይፋ እንዲሆኑ የፈቀዷቸው ሪፖርቶች እዚያ አሉ። ሃከሩ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ድርጅቱ ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ አንዳንዴም እንዴት እንደተጨቃጨቁ ሳይቀር ታነባላችሁ። በቀን አንድ አንብቡ። የራሳችሁን የመጀመሪያ ሪፖርት ስትልኩ «ዱፕሊኬት» ተብሎ ቢመለስ አትበሳጩ። ክፍያ የለውም፣ እውነት ነው። ክፍተቱ ግን ነበረ፤ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ነው። ሪፖርቱን አስቀምጡትና ወደሚቀጥለው እለፉ።